«ቀይዋ ነጥብ ወዴት ሄደች?»

(ለሥነ ፈለክ ወዳጆች በተሰናዳ አንድ ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። የአገራችን አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። አሁን የአዳራሹን መብራት የማጠፋው እኔ ነኝ፤ ሄደብን ብላችሁ ስልካችሁን እንዳታበሩ። መጋረጃውም ይዘጋልን። ጎሽ።

ፊት ለፊታችሁ አንዲት ቀይ ነጥብ ትታያችኋለች። ሌላ ምንም የለም። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቷትና ወዴት እንደምትሄድ ንገሩኝ።

(በዚህ ጊዜ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው «ወደ ግራ እየሄደች ነው» አለ። ከኋላ «ኧረ ወደ ላይ ነው የምትወጣው» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት እህት ክብ ትሠራለች አሉ። ጥቂት ቆይቶ «ወደ ግራ ወደ ላይ» የሚለው አሸነፈ፤ አብዛኛው ሰው በዚያ ተስማማ።)

መብራቱን አብሩልን። ይህቺ ነጥብ የእጅ ባትሪ አምፖል ናት፤ በዚህ ሳንቃ ላይ በሁለት ምስማር ተመትታለች። የፈለገ መጥቶ ምስማሩን ይነቅንቀው። ንቅንቅ አላለችም።

ማንም አልዋሸም። በጨለማ ውስጥ አንዲት ብርሃን ብቻዋን ስትቀር፣ ዓይን የሚያመሳክርበት ግድግዳም ዛፍም ስለሚያጣ፣ የቆመውን ይሄዳል ይላል። ጀርመናዊው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1799 ቴነሪፌ ደሴት ላይ ከዋክብት ሲወዛወዙ አይቶ ጉዳዩ የአየሩ መስሎት ነበር። ቱርክ የተወለደው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሙዛፈር ሸሪፍ ደግሞ በ1935 ይህንኑ በሰዎች ላይ ሞከረው። ለየብቻ ሲጠየቁ እያንዳንዱ የራሱን ርቀት ይናገራል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲናገሩ ግን ቁጥራቸው ቀስ በቀስ ይቀራረባል። እናንተም ቅድም ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው። እንግዲህ አንድ መቶ አለቃ እናንተን ከበር ላይ ተቀብሎ ቃላችሁን ቢጽፍ፣ «ስልሳ የሚሆኑ የዓይን እማኞች ብርሃኑ ወደ ግራና ወደ ላይ መሄዱን በአንድ ቃል አረጋገጡ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መቶ አለቃ ነው። ከሌላ ዓለም ስለሚመጡ እንግዶች ሰምቶ ሊሄድ የመጣ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ነገር እኔ «ላም አለኝ በሰማይ» ባይ አይደለሁም። የሚገርመኝ መንግሥታት ሌሊት ስለታዩ ብርሃኖች ያደረጉት ምርመራ ነው። መዝገቦቹን ሳነብ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ የደረስሁበትን በአጭሩ ልናገር። ብዙ ጊዜ የብርሃኑ ምንነት ያን ያህል አልከበደም። የከበደው መርማሪው መታመኑ ነው። እውነተኛ መልስ በችኮላ ተሰጥቶ ሲጣል፣ የታወቀ መልስ ተደብቆ ተረት ሲወልድ፣ በአምስት ደቂቃ ጥያቄ ሊገኝ የሚችል መልስ ጠያቂ አጥቶ አርባ ዓመት ሲያከራክር አይቻለሁ።

የአሜሪካ አየር ኃይል ምርመራውን የጀመረው በ1948 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሰኔ ወር ኬነዝ አርኖልድ የተባለ አብራሪ በሬኒየር ተራራ አካባቢ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አየሁ ብሎ አገሩ ሁሉ ሽቅብ ማየት ጀምሮ ነበር። የምርመራው ስም ሁለት ጊዜ ተለዋውጦ በ1952 «ብሉ ቡክ» ተባለ፤ ጽሕፈት ቤቱም ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፓተርሰን በተባለው የአየር ኃይል ሠፈር ነበር። በ1969 መጨረሻ ሲዘጋ 12,618 ጥቆማዎች ተመዝግበው 701ዱ «ያልታወቀ» ተብለው ቀርተዋል። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ግማሹ ሰው «ሰባት መቶ አንድ!» ብሎ ይደነቃል፣ ግማሹ «ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም» ብሎ ይንቃል። እኔ ሁለቱም አይዋጥልኝም። ያ ሁሉ ሺህ መዝገብ በጣት በሚቆጠሩ ሠራተኞች እጅ ያለፈ ነው። «ታውቋል» ከተባሉት መካከል ማንም በቅጡ ያልጠየቃቸው አሉ፤ «ያልታወቀ» ከተባሉትም ማንም በቅጡ ያልጠየቃቸው አሉ። ቁጥሩ ከሰማዩ ይልቅ ስለ ቢሮው ይናገራል።

በዚያ ቢሮ አማካሪ ሆኖ የኖረ አንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ ጆሴፍ አለን ሃይኔክ ይባላል። ሥራው ሲጀመር ቀላል ነበር። ሰዎች አየን ካሉት ውስጥ የትኛው ኮከብ፣ የትኛው ተወርዋሪ ኮከብ፣ የትኛው ቬነስ እንደሆነ መለየት ነው። ቬነስ ማለት እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ናት። በነገራችን ላይ በዓለም ሁሉ የምርመራ መዝገብ ውስጥ እንደ እርሷ ተደጋግማ የተከሰሰች የለችም። ጂሚ ካርተር እንኳ የጆርጂያ አገረ ገዥ ሳሉ፣ በ1973፣ ሊሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ደማቅ ብርሃን አይቻለሁ ብለው ቅጽ ሞልተዋል። ያዩበትን ጊዜ ጥቅምት 1969 አሉ። አንድ መርማሪ በኋላ የዚያን ምሽት ስብሰባ መዝገብ ሲያገላብጥ ቀኑ ጥር 6 ቀን 1969 ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ምሽት ቬነስ እርሳቸው ባመለከቱት አቅጣጫ ታበራ ነበር። አይ፣ የሮኬት ሙከራ የለቀቀው የባሪየም ደመና ነው የሚሉም አሉ። እኔ የምላችሁ ግን ሌላ ነው፤ በኋላ ፕሬዝዳንት የሆነ፣ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ቀኑን በዘጠኝ ወር አሳስቷል። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ሰማዩም ሌላ ሰማይ ነው።

ወደ ሃይኔክ ልመለስ። መጋቢት 1966 ሚሺጋን ውስጥ፣ ዴክስተር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ረግረግ መሬት ላይ ብርሃን ታየ። በማግሥቱ ምሽት ደግሞ ሂልስዴል በተባለ ኮሌጅ 87 ሴት ተማሪዎች ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት ላይ ሆነው ረግረጉ ላይ የሚበራና የሚደበዝዝ ብርሃን ለሰዓታት ተመለከቱ። ጋዜጠኛው፣ ፖሊሱ፣ የሠፈሩ ወጣት ሁሉ በመኪና ጎረፈ። አየር ኃይሉ ሃይኔክን ላከ። ሃይኔክ ደርሶ ያገኘው ምርመራ የሚደረግበት ስፍራ ሳይሆን ገበያ ነው። ጥቂት ቀን እንኳ ሳይሞላው ዲትሮይት ላይ መግለጫ ስጥ ተባለ።

መጋቢት 25 ቀን ከጋዜጠኞች ፊት ቆመ። የተናገረው ነገር፣ ጽሑፉን ላነበበ ሰው፣ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ዕፅዋት አየር በማያገኙበት ረግረግ ውስጥ ሲበሰብሱ ሚቴን የተባለው ጋዝ ይፈጠራል፤ ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቀጣጥሎ ደብዘዝ ያለ ነበልባል ያሳያል። እነዚህ ሁለት ክስተቶች ምናልባት ይህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም፤ ሌሎቹን ሁሉ ይመለከታል ማለቴም አይደለም አለ። ጋዜጠኞቹ «ምናልባት»ን ጣሉት። «ይችላሉ»ንም ጣሉት። የቀራቸውን ሁለት ቃል ይዘው ወደ ስልክ ሮጡ፤ «የረግረግ ጋዝ»።

በማግሥቱ አሜሪካ በሙሉ ሳቀ። የካርቱን ሠዓሊዎች ሰነበቱበት። ሚሺጋን ግን አልሳቀችም፤ ተቆጣች። ለካስ እኛ የገዛ ረግረጋችንን የማናውቅ ገበሬዎች ነን? ልጆቻችን እሳትና ብርሃን አይለዩም? የሚሺጋን ተወካይና በምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት፣ ኋላ ፕሬዝዳንት የሆኑት ጄራልድ ፎርድ፣ ሕዝቡ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ይገባዋል ብለው የምክር ቤት ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። ሚያዝያ 5 ቀንም የጦር ኃይሎች ኮሚቴ አየር ኃይሉን አስቀርቦ ጠየቀ።

ልብ በሉ፤ መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ ብጠየቅ ረግረግ ላይ ዝቅ ብሎ ሲበራና ሲጠፋ የሚያመሽ ብርሃን ሳይ በመጀመሪያ የማስበው ረግረጉን ነው። የወደቀው መልሱ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለአየር ኃይሉ ራስ ምታት እንዲሆን በአራት ቀን የተሰጠ ማስታገሻ አየር ኃይሉን ለሦስት ዓመት አሳመመው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ኮንደን የመሩት ጥናት በጥር 1969 ታተመ። ኮንደን መግቢያው ላይ በ21 ዓመት ምልከታ ለሳይንስ የተገኘ ነገር የለም ብለው ደመደሙ። አየር ኃይሉም ይህን ሲሰማ እፎይ ብሎ «ብሉ ቡክ»ን ዘጋ። ያንን ወፍራም ሪፖርት እስከ መጨረሻው የገለጠ ሰው ግን በውስጡ መልስ ያልተገኘላቸው በርካታ ምዕራፎች እንዳሉ ያያል። መግቢያውን ብቻ ያነበበና ሙሉውን ያነበበ ሰው እስከ ዛሬ አይግባቡም። ሃይኔክም ከዚያ ወዲያ አየር ኃይሉን አጥብቆ የሚነቅፍ ሰው ሆነ፤ የሳቁ ሁሉ ማረፊያ መሆን ለማንም አይመች።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንሂድ። መስከረም 20 ቀን 1977፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር። በሶቪየት ኅብረት፣ ፊንላንድ ድንበር አቅራቢያ ካሬሊያ ውስጥ፣ ፔትሮዛቮድስክ የምትባል ከተማ አለች። የሌሊት ተረኞች፣ የወደብ ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ ሐኪሞች ሽቅብ አዩ። እንደ ግዙፍ የባሕር ፍጥረት የተዘረጋ፣ ከሥሩ ብዙ የብርሃን ክሮች የሚያንጠባጥብ ነገር ሰማዩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዳንዱ ጦርነት ተጀመረ ብሎ አሰበ። የመንግሥቱ የዜና ወኪል ታስ እንኳ፣ ያ ሁሉን በልኩ የሚናገር ታስ፣ ዜናውን ሠራው።

ቁርጡን ልንገራችሁ። በዚያችው ሰዓት ከፔትሮዛቮድስክ በስተ ምሥራቅ ከሚገኘው ከፕሌሴትስክ የጠፈር ማዕከል ኮስሞስ 955 የተባለች የስለላ ሳተላይት ተወንጭፋለች። ሌሊት የተተኮሰ ሮኬት ከፍ ሲል ምድር ገና ጨለማ ውስጥ ሳለች እርሱ ጋ ፀሐይ ወጥታለች። አየሩ በጣም ስለሚሳሳ ጭሱ እንደ ጃንጥላ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋል፤ ከታች በጨለማ የቆመው ሰው ከበስተኋላው ፀሐይ የመታችውን ያንን ጭስ ያያል። ከበድ ያለ ምሥጢር የለውም፤ ንጋት ላይ የተራራው ጫፍ ከሸለቆው ቀድሞ ሲበራ ያየ እረኛ ያውቀዋል።

ነገሩ የሚያስቀው ከዚህ ወዲያ ነው። በ1977 ፕሌሴትስክ የሚባል የጠፈር ማዕከል በሶቪየት ካርታ ላይ የለም። መንግሥቱ መኖሩን ያመነው በ1983 ነው። እንግዲህ የሳይንስ አካዳሚው ከሕዝብ ደብዳቤ ጎረፈለት፤ መልሱን ሊሰጥ አይችልም፤ ምክንያቱም መልሱ የሌለ ቦታ ነው። ስለዚህ በ1978 ሁለት መርሐ ግብሮች ተቋቋሙ፤ አንዱ በአካዳሚው፣ ሌላው በመከላከያ ሚኒስቴር። ስማቸው «ሴትካ»፣ መረብ ማለት ነው። እስከ 1990 ድረስ ከመላ አገሪቱ፣ ከየጦር ሠፈሩ ሳይቀር፣ ጥቆማ ሰበሰቡ። የተሰበሰበው ሲመረመር አብዛኛው የራሳቸው ሮኬትና የራሳቸው ፊኛ ሆኖ ተገኘ። ልጅን በጀርባ አዝሎ «ልጄ ጠፋ» እያሉ መንደር ማስጮህ ይህ ነው። በአካዳሚው በኩል የሠሩት ሰዎች ግን ሊነቀፉ የሚገባቸው አይመስለኝም። ከጎረቤት ቢሮ የሚያወጣ በር የተቆለፈባቸው ሰዎች ናቸው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በዚህ አይስቁ። ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን ከ1955 ጀምሮ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር፣ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ምሽት ላይ ከላያቸው የሚንቦገቦግ ነገር አየን ይሉ ነበር። ከታች ፀሐይ ጠልቃለች፤ ከላይ ያለው የብር ክንፍ ግን ገና ታበራበታለች። የብሉ ቡክ መርማሪዎች ዋሽንግተን ከሚገኘው የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት ጋር እየተደዋወሉ የበረራ መዝገብ ያመሳክሩ እንደነበር ድርጅቱ ራሱ በ1997 ባወጣው ታሪክ አምኗል። ያንን ጊዜ ከመጣው ጥቆማ ከግማሽ በላይ የእኛ አውሮፕላን ነው ማለቱን ብዙ ተመራማሪዎች አጋነነ ብለው አይቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም። መደዋወሉ ግን በቂ ነው። መርማሪው መልሱን ያውቃል፤ ለጠያቂው ገበሬ የሚጽፈው ግን «የበረዶ ቅንጣት» ወይም «የአየር ሙቀት ለውጥ» ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መንግሥት ይዋሸኛል ቢል አበደ እንዴት ይባላል? ዋሽተውታል እኮ።

በ2009 በታኅሣሥ ወር በሰሜን ኖርዌይ ሰማይ ላይ ነጭ ጠመዝማዛ ብርሃን ታየ፤ ፎቶግራፉን ያያችሁት ትኖራላችሁ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር በማግሥቱ፣ ከነጭ ባሕር ከሰርጓጅ መርከብ የተወነጨፈ ቡላቫ የተባለ ሚሳይል ከሽፎብን ነው አለ። አለቀ። ጠመዝማዛው ዛሬ ለክርክር የሚነሳው በጥቂቶች ዘንድ ነው። ከፔትሮዛቮድስክ ያልተናነሰ የሚያስደንቅ ነበር፤ ልዩነቱ አንድ ቀን ነው።

ወደ እንግሊዝ። ይህንን ሳልናገር ብወርድ የማትለቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቅድም በር ላይ የጠየቀኝም አለ። ሬንድልሻም ጫካ፣ የገና ሰሞን፣ 1980። በዚያ አካባቢ የአሜሪካ አየር ኃይል የሚጠቀምባቸው ሁለት ሠፈሮች ነበሩ። ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የዘብ ጥበቃዎች ጫካው ውስጥ ብርሃን የወረደ መሰላቸውና አውሮፕላን ወድቆ ይሆናል ብለው ገቡ። በዚያው ሰዓት በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ መታየቱ ተመዝግቧል። ከጫካው ሲገቡ ደግሞ ከዛፎቹ መካከል ብልጭ የሚል ብርሃን ታያቸው። የአካባቢው ፖሊስ ተጠርቶ መጣ፤ የሚታየው ብርሃን የኦርፎርድ ነስ የመርከብ መብራት ማማ ብቻ ነው ብሎ ጽፎ ተመለሰ።

ከሁለት ሌሊት በኋላ የሠፈሩ ምክትል አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ሃልት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይዞ ራሱ ወጣ። ያ ቴፕ ዛሬ አለ፤ ሰምቼዋለሁ። እግር ቅጠል ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ሰዎች ሲያለከልኩ ይሰማል። ድንገት አንዱ «ይኸው፣ እንደገና!» ይላል። ቆይቶ ደግሞ ይደገማል። በእጅ ሰዓት ለካችሁት እንደሆነ በየአምስት ሰከንዱ ነው። ከጫካው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የኦርፎርድ ነስ ማማ በስንት ሰከንድ አንዴ ብልጭ ይል ነበር? በአምስት።

ሃልት ጥር 13 ቀን 1981 ለእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የአንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ሁለት ሳምንት ከምናምን አልፏል፤ ቀኖቹን አሳስቷቸዋል። ሚኒስቴሩ ራዳር ላይ የተመዘገበ ነገር እንደሌለ አይቶ፣ ለአገር መከላከያ የሚያሳስብ አይደለም ብሎ ማስታወሻውን አስቀመጠው። ይህ ቃል የእንግሊዞች ማሕተም ነው። ሚኒስቴሩ የሚጠይቀው «ጠላት ነው?» ብሎ ነው፤ «ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም። ጠላት ካልሆነ የእርሱ ሥራ አልቋል። ያስቆጣል? ለእኔ አያስቆጣም፤ ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ግን አንድ ሰው በመኪና ሄዶ፣ ማታ እዚያው ጫካ ጫፍ ቆሞ፣ ሰዓት ይዞ ቢቆጥር ኖሮ ነገሩ በሳምንት ይታወቅ ነበር። ያን ያደረገው ኢያን ሪድፓዝ የተባለ የሥነ ፈለክ ጸሐፊ ነው፤ እርሱም በ1983፣ ማስታወሻው ከአሜሪካ በመረጃ ነጻነት ሕግ ከወጣ በኋላ። ያን ጊዜ ጋዜጦቹ ከረፈደም ደርሰው ነገሩን አግንነውታል። ሃልት ራሱ ማማውን አውቀዋለሁ፣ ያየሁት እርሱ አልነበረም ብሎ እስከ ዛሬ ይሟገታል። ማማው ደግሞ በ2013 ጠፍቶ፣ ባሕሩ መሠረቱን ሲበላው በ2020 ፈረሰ። ዛሬ ሄዶ መቁጠር አይቻልም።

እንግዲህ እንዲህ ሁሉ ካልሁ በኋላ ማን አወቀበት ትሉኛላችሁ። ፈረንሳዮች፤ ምንም እንኳ ማመስገን ባልወድም። በ1977 ብሔራዊ የጠፈር ማዕከላቸው ቱሉዝ ውስጥ አንድ አነስተኛ የምርመራ ክፍል አቋቋመ፤ ዛሬ ጄፓን ይባላል። ለጦር ኃይል አልሰጡትም። በየገጠሩ ያለው ፖሊስ፣ ዣንዳርሜሪው፣ ቃል ይቀበላል፤ ማዕከሉ ይመረምራል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ የምስክሩ ስም ወጥቶ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ከ2007 ጀምሮ ማንም በኢንተርኔት ያነበዋል።

ከሁሉም የወደድሁላቸው አከፋፈላቸውን ነው። ኤ ማለት ታውቋል፤ ቢ ማለት ታውቋል ሊባል ይቻላል። የቀሩትን ግን «ያልታወቀ» ብለው በአንድ ጆንያ አልከተቱም። ሲ፣ መረጃው ስለማይበቃ ምንም ማለት አይቻልም ነው። ዲ፣ መረጃው በቂ ሆኖ፣ ተመርምሮም መልስ ያልተገኘለት ነው። «ማታ አንድ ነገር አየሁ፣ ቀኑን ረሳሁት» የሚለው ሰው ሲ ይገባል እንጂ ተአምር አይሆንም። ዲ የሚባለው ዛሬ ከመቶ ሦስት ያህል ነው። ደግሞም የድሮ ዲዎችን እያወጡ እንደገና ያያሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በተሻለ መሣሪያ ሲታዩ ወደ ኤና ቢ ይወርዳሉ። የብሉ ቡክ 701 መዝገብ በዚህ ወንፊት ቢነፋ ስንቱ ሲ እንደሚሆን ማሰብ ነው።

የቅርብ ጊዜውን ሮጥ ብዬ ልለፈው። አሜሪካኖች በ2021 ባወጡት ሪፖርት 144 ጉዳዮች ተቆጥረው ምንነቱ በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አየሩ የሚተነፍስ ትልቅ ፊኛ። ናሳ በ2023 ያወጣው የባለሙያዎች ሪፖርትም ያለን መረጃ ጥራት የለውም፣ ሰዎችም እንዳይሳቅባቸው ፈርተው አይናገሩም አለ። ከሚሺጋን ወዲህ ሃምሳ ሰባት ዓመት ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ስታርሊንክ የተባሉት ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ በብዛት እየተወነጨፉ እንደ ዶቃ ተደርድረው ሲያልፉ፣ በየአገሩ ያለ የፖሊስ ስልክ ይጮኻል።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ብዙ ጥያቄ መጣ። አንዱን ብቻ ልጻፍ።)

በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ተነሳ። «ጋሼ፣ እኔ አይቻለሁ» አለ። «በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስንሄድ ነው። በጣም ደማቅ ነጭ ብርሃን ከእኛ እኩል ይሄድ ነበር። ስንፈጥን ይፈጥናል፣ ስንቆም ይቆማል። አውሮፕላን ቢሆን ያልፈን ነበር።»

መቼ ነው አልሁት። «ባለፈው ዓመት» ሲል ወሩን እንዲያስታውስ ለመንሁት። ለእህቱ ሠርግ እየሄዱ ስለነበር አወቀው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2017። ስንት ሰዓት? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከአዲስ አበባ እንደወጡ። በየትኛው መስኮት? «በቀኝ በኩል ነው የተቀመጥሁት፤ በእኔ መስኮት ነው ያየሁት።» ደመናስ ነበር? አልነበረም። በዚህ መካከል ይብለጨለጭ ነበር ወይ ስል፣ አይ፣ እንዲሁ ቀጥ ብሎ ያበራ ነበር አለ። የት ድረስ ተከተላችሁ? ሸኖን እንዳለፉ፣ ሰማዩ ሲቀላ፣ እየደበዘዘ ጠፋ።

አዳራሹ ዝም ብሏል። እኔም ዝም አልሁ፤ ዲትሮይት ትዝ አለችኝ። የዚያን ወር የሰማይ ሰሌዳ አይቼ በሚቀጥለው ስንገናኝ እነግርሃለሁ፣ እስከዚያው የነገርኸኝን ዛሬውኑ በወረቀት ጻፈው አልሁት። ሌላ የምትጨምረው ካለህ ንገረኝ ስለው ትንሽ አመነታ፤ ጓደኞቹ ጎኑን ጎሸም አደረጉት።

«እናቴ አጠገቤ ነበረች» አለ። «እማዬ ያንን እይልኝ ብዬ ስቀሰቅሳት፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችና ‹አጥቢያ ኮከብ ናት፤ ገና ነው፣ ተኛ› አለችኝ።»